በከተማ ቤት ገዝቶ ስለ ማከራየት
(ለገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤት ነው። ስለምንኖርበት ቤት አይደለም። በከተማ ገዝተን ለሌላ ሰው ስለምናከራየው ቤት ነው። ይህን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በቆሎውና በርበሬው ደኅና ዋጋ ባወጣ ዓመት፣ ከጃቢ ጠህናን፣ ከወምበርማ፣ ከቋሪት ገጠር ብዙ ገበሬ ገንዘቡን ቋጥሮ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ ይመጣል። «ከተማ ላይ አንዲት ቤት ልያዝ፤ ልጆቼ ሲማሩ ይኖሩባታል፤ ትርፉን ክፍል አከራያለሁ፤ በእርጅናዬም ትጦረኛለች» ይላል። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የ10 ዓመት ላብ በአንድ ቀን ወረቀት ሲጠፋ አይተናል። የጠፋውም አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ወረቀቱን ሌላ ሰው አንብቦለት፣ ሒሳቡንም ሌላ ሰው ሠርቶለት ነው። ዛሬ ግን እኛ ፊደል ቆጥረናል። ስለዚህ ራሳችን እናንብብ፣ ራሳችን እንደምር።

መጀመሪያ ተከራዩ ማን ነው? ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ የሆስፒታል ሠራተኛው ቤት ይፈልጋል። ከገጠር የሚመጣ ተማሪም አለ። ስንቁን ከቤተሰቡ እየተቀበለ፣ ሁለት ሦስት ሆኖ አንዲት ክፍል ይከራያል። ቡሬ ደግሞ የመንገድ መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድ ያልፍባታል፤ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወስደውም ከዚያው ይገነጠላል። ነጋዴውና ሾፌሩ፣ ጫኝና አውራጁ ማደሪያ ይሻል። በ2013 ዓ.ም. የፊቤላ የዘይት ፋብሪካና የቡሬው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቀዋል። ፋብሪካ ባለበት ሠራተኛ አለ፤ ሠራተኛ ባለበት ኪራይ አለ።

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ሁልጊዜ አይሞላም። ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ሲያጣ ሰው ይቀንሳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የተነሣው ግጭትም አንድ ነገር አሳይቶናል። መንገድ ሲዘጋ ነጋዴው ይቀራል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪው ወደ ቀየው ይመለሳል፤ ክፍሉም ባዶውን ያድራል። ስለዚህ በሬውን ሸጦ፣ ዘሩንና የማዳበሪያውን ገንዘብ አውጥቶ ቤት የሚገዛ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ቆም ይበል። በአራጣ ተበድሮ የሚገዛማ ጭራሽ አያስበው። አራጣ በየወሩ ይቆጥራል፤ ኪራይ ግን አንዳንድ ወር አይመጣም።

አሁን እርሳስና ደብተር እናውጣ። ዋጋው ከሰፈር ሰፈር ስለሚለያይ፣ የምንሰጠው ቁጥር ለማስላት ያህል ብቻ ነው። ሦስት ክፍል ያላት የጭቃ ቤት 900,000 ብር ተባለች እንበል። አንዱ ክፍል በወር 1,500 ብር ቢከራይ ሦስቱ 4,500 ብር ያስገባሉ። በ12 ወር 54,000 ብር ይሆናል። ደላላው የሚነግረን እዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለውን እኛው ነን የምንሠራው። እያንዳንዱ ክፍል በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢከርም 4,500 ብር ይቀነሳል፤ 49,500 ቀረ። ለጣሪያ፣ ለምርጊት፣ ለበርና ለሽንት ቤት ጥገና 6,000 እንበል፤ 43,500 ቀረ። ለኪራይ ግብርና ለማዘጋጃ ቤት ክፍያ 3,500 እንበል፤ 40,000 ብር ቀረ። እንግዲህ 900,000 ለ40,000 ሲካፈል 22 ዓመት ከመንፈቅ ይመጣል። ያወጣነው ገንዘብ ተመልሶ እጃችን የሚገባው በዚያ ጊዜ ነው ማለት ነው። ኪራዩ በየጊዜው ሊጨምር ይችላል፤ የቤቱም ዋጋ ሊያድግ ይችላል። የጥገናውም ዋጋ አብሮ ያድጋል። ያው ገንዘብ በሬ ቢያደልብ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ቢገዛ፣ ወይም ወፍጮ ቢተከልበት በዓመት ስንት ያስገባል? ይህንንም ከጎኑ ጽፎ ማስተያየት ያስፈልጋል። በእኛ አስተያየት የኪራይ ቤት ከሌላው ሥራ ለተረፈ ገንዘብ ጥሩ ማስቀመጫ ነው። ዋናውን ጉሮሮ የሚሸፍን ሥራ ግን አይደለም።

ሒሳቡን ሠርቶ «እገዛለሁ» ያለ ሰው ቀጥሎ ወደ ወረቀቱ ይሂድ። እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንነጋገር፤ ትልቁ ጉዳት ያለው እዚህ ነውና።

በአገራችን መሬት አይሸጥም። በ1967 ዓ.ም. በየካቲት ወር የገጠሩ መሬት፣ በሐምሌ ወር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። እንግዲህ በከተማ የሚሸጠው በሕጋዊ ይዞታ ላይ የተሠራው ቤት ነው። ሻጩ «ቦታ እሸጥልሃለሁ» ቢል፣ የሚሸጠው ነገር በእጁ የለም።

የ1967ቱ አዋጅ ሲወጣ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደርጎ ነበር። ያ ክልከላ ዛሬ የለም። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ከተወረሱት ቤቶች በወር እስከ 100 ብር ይከራዩ የነበሩት ለቀበሌ ተሰጥተው ነበር። «የቀበሌ ቤት» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው፤ ዛሬም በየከተማው አለ። የሚኖርበት ሰው 40 ዓመት ቢቀመጥበትም ተከራይ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም። «ቁልፉን ልሽጥልህ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ገንዘቡን ከሰጣችሁ በኋላ ተከራክራችሁ የምታገኙት ነገር የለም።

ከዚህ የባሰው የከተማ ዳር ነገር ነው። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ወጣ እንዳሉ፣ የእርሻ መሬት በትንሽ በትንሹ ተሸንሽኖ በድብቅ ውል ይሸጣል። ገዢውም በሌሊት ቤት ያቆማል። ሕዝቡ «የጨረቃ ቤት» ይለዋል። ዋጋው ርካሽ ስለ ሆነ ያጓጓል። ነገር ግን ካርታ የለውም፤ የግንባታ ፈቃድ የለውም፤ ውኃና መብራት በስሙ አይገባለትም። ማዘጋጃ ቤቱ ሊያፈርሰው ይችላል፤ ሲያፈርሰውም ካሳ አይከፍልበትም። ገዢው ሻጩን ልክሰስ ቢል፣ ሕግ የከለከለውን ውል ይዞ ፍርድ ቤት መቆሙ ነው።

ይህ ነገር ሻጩንም ይጎዳል። ከተማ ዳር ያላችሁ ገበሬዎች ይህን ልብ በሉ። ከተማው ሲሰፋ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ቢፈለግ፣ የይዞታ ደብተር ያለው ገበሬ ካሳ ይገባዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ደንግጓል። በድብቅ ውል የሸጠ ሰው ግን ጥቂት ሺህ ብር ተቀብሎ፣ ገንዘቡን በልቶ፣ የልጆቹንም እርሻ አጥቶ ይቀራል። ሲካፈሉት ደግሞ ገዢውና ሻጩ ይጣላሉ። በዚህ ምክንያት ዘመድ ከዘመድ ደም የተቃባበት ቦታ አለ።

እንግዲህ ሕጋዊውን ቤት ስንገዛ ምን እንጠይቅ? ሻጩን «ካርታውን አሳየን» እንበለው። ካርታው በማን ስም ነው? ስንት ካሬ ሜትር ይላል? ገመድና ሜትር ይዘን ቦታውን ራሳችን እንለካ። ካርታው 200 ካሬ ብሎ አጥሩ 260 ከሆነ፣ 60ው የእኛ አይደለም፤ ዋጋም ልንከፍልበት አይገባም። ከዚያ ከሻጩ ጋር ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ካርታው ከመዝገቡ ጋር መስማማቱን፣ ቤቱ በባንክ አለመያዙን፣ የፍርድ ቤት እግድ የሌለበት መሆኑን እንጠይቅ። ቦታው በሊዝ የተገኘ ከሆነ ደግሞ ያልተከፈለው የሊዝ ዕዳ ስንት ነው? ማን ይከፍለዋል? ይህ ሳይጻፍ ከቀረ በኋላ መጠየቃችን አይቀርም።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። ቤቱ የጋራ ሀብት ሆኖ አንዱ ብቻ ቢሸጠው ሌላው ሽያጩን ሊያፈርስ ይችላል። ቤቱ የውርስ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ የታሉ? አዲስ አበባ ያለው ወንድም፣ አረብ አገር ያለችው እኅት ነገ «ድርሻዬን» ይላሉ። ሻጩ በውክልና የመጣ ከሆነ፣ ውክልናው «ቤት ለመሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ ያለበት መሆኑን፣ ያልተሻረም መሆኑን ውክልናው ከተሰጠበት መሥሪያ ቤት እናጣራ።

ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲሆን ያዛል። በሽማግሌ ፊት በጠጅ ቤት የተጻፈ ወረቀት አይበቃም። ሽማግሌዎቹን አክብረን እንጥራቸው፤ ወረቀቱን ግን መዋዋያ ጽሕፈት ቤት እናድርገው። ቀብድ ስንሰጥም በጽሑፍ ይሁን። በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ ቀብድ ሰጪ ከውሉ ቢወጣ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ ተቀባይ ቢወጣ እጥፉን ይመልሳል። ቀሪውን ገንዘብ በባንክ እንክፈል፤ ስሙ ወደ እኛ ከመዞሩ በፊት ሁሉንም አንጨርስ። ስሙ ሲዞርም የባልና የሚስት ስም አብሮ ቢጻፍ መልካም ነው። በርበሬውን የለቀመችው፣ በቆሎውን የፈለፈለችው እርሷም ናትና።

የወረቀቱን ነገር በዚህ እንተወውና ወደ ቤቱ እንግባ።

ቤት ሊገዛ የሚፈልግ ሰው ቢችል በሐምሌና በነሐሴ ይመልከት። የጎጃም ዝናብ የቤቱን ምስጢር ሁሉ ያወጣዋል። በበጋ የሚያይ ሰው ደግሞ በቀን ብርሃን በሩን ዘግቶ ወደ ጣሪያው ይመልከት። የኮከብ ያህል ብርሃን የሚገባበት ቦታ ሁሉ ውኃ የሚገባበት ነው። ግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ የእድፍ መስመር ካለ ጣሪያው ያፈሳል። ከታች ወደ ላይ የወጣ የአፈር መስመር ካለ ደግሞ ምስጥ ነው። ቢላዋ ይዘን የቋሚውን እግር እንውጋ። ቢላዋው እንደ ቅቤ ከገባ፣ ቤቱ የቆመው በምርጊቱ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት ሲሆን ይበልጥ እንጠራጠር። (ቀለሙን ጠልተን አይደለም፤ የሚያምር ነገር ነው።)

ጥገናው ከላይ ይጀምራል። ጣሪያ ሳይጠገን ግድግዳ የሚመርግ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል። ቆርቆሮ ስንገዛ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር እናንብብ። ባለ 28፣ ባለ 32፣ ባለ 35 ጌጅ የሚባል አለ። ብዙ ሰው ቁጥሩ ሲበዛ ቆርቆሮው የሚወፍር ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 35ን በባለ 32 ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ የሚያታልለው ይህን የማያውቀውን ሰው ነው። ምስማሩም ጎማ ያለው ይሁን፤ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታ እንጂ ውኃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ አይመታ።

ከጣሪያው ቀጥሎ ውኃው የሚወርድበትን ቦታ እናብጅ። የጭቃ ቤትን ከሥር የሚበላው ከጣሪያው ወርዶ መሬት መትቶ የሚረጨው ውኃ ነው። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ራቅ ይበል። በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፈር፤ ውኃው ወደ ጎረቤት ሳይሆን ወደ መንገዱ ቦይ ይሂድ። የግድግዳው ሥር እስከ ጉልበት ድረስ በድንጋይና በሲሚንቶ ቢታሰር ዕድሜው ይጨምራል። የበሰበሰ ቋሚ የሚተካው የባሕር ዛፍ እግሩ በእሳት ተለብልቦ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀብቶ ይተከል። ምስጥን ፈጽሞ ባያስቀረውም ያዘገየዋል።

ምርጊቱን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ ጭቃ ማቡካት ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ከተማ ውስጥ የቀን ሠራተኛ ጭዱን አሳንሶ፣ ጭቃውን ሳያቦካ በዚያው ቀን ሊመርግ ይፈልጋል። ይህ ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጭቃው ደኅና ጭድ ገብቶበት፣ እየተረገጠና እየተገለበጠ ቢያንስ ጥቂት ቀን ይቀመጥ። ሥራው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አጨዳና ውቂያውንም አይሻማ።

ለአናጢና ለግንበኛ ገንዘብ በሙሉ አስቀድሞ አይሰጥም። ዕቃውን ራሳችን እንግዛ፤ የእጅ ዋጋውን በቁርጥ ተስማምተን ሥራው በደረሰበት መጠን በሦስት ከፍለን እንስጥ። አዲስ ክፍል የምንቀጥል ከሆነ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ እናውጣ።

ለቤቱ ሌላ ምን ይጨመር? ተከራይ የሚከፍለው ለደረቅ ክፍል፣ ለራሱ በርና ቁልፍ፣ ለመስኮት፣ ለውኃና ለንጹሕ ሽንት ቤት ነው። ወለሉን የሚያብረቀርቅ ንጣፍ ማልበስ ገንዘብ ማባከን ነው እንላለን፤ ለተማሪና ለቀን ሠራተኛ በሚከራይ ክፍል ወጪውን አይመልስም። ሽንት ቤቱን ግን አንሣ። ግቢው የጉድጓድ ውኃ ካለው ሽንት ቤቱ ከጉድጓዱ 30 ሜትር ያህል ይራቅ፤ በተዳፋቱም ከጉድጓዱ በታች ይሁን። ግቢው ለዚህ የማይበቃ ከሆነ የጉድጓዱን ውኃ ለመጠጥ አንጠቀም።

አሁን ተከራዩ ገባ እንበል። ከእርሱም ጋር ውል ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጥቷል። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ አከራዩ እንደ ፈለገ በየወሩ ዋጋ እንዳይጨምር ይላል። አዋጁ በየትኞቹ የክልል ከተሞች እንደሚሠራ የሚወስነው ክልሉ ስለ ሆነ፣ በየከተማችሁ ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። አዋጁ ባይደርስበትም እንኳ የጽሑፍ ውል ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ስንት እንደሚከፈል፣ በወሩ በስንተኛው ቀን እንደሚከፈል፣ የመብራትና የውኃ ሒሳብ እንዴት እንደሚካፈል፣ ስንት ሰው እንደሚኖር ይጻፍ። በተከራዮች መካከል ብዙ ጠብ የሚነሣው ከአንድ ቆጣሪ ነው። በየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት ወጪ አለው፤ ጠቡን ግን ያቆመዋል።

ተከራዩ ተማሪ ከሆነ ውሉን ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋር እንዋዋል። አባቱ እንደ እኛው ገበሬ ነው። ብሩ የሚገባው ከታኅሣሥ በኋላ ነው። በመስከረም አስጨንቀን ልጁን ከምናስወጣው፣ «የመጀመሪያውን ሦስት ወር በጥር ክፈል» ብለን ብንጽፍ ክፍሉም አይራቆትም፣ ልጁም ከትምህርቱ አይቀርም። ሴት ልጆች ሲከራዩ ደግሞ በራቸው ከውስጥ የሚቆለፍ መሆኑን፣ የሽንት ቤቱ መንገድም በሌሊት መብራት ያለው መሆኑን አስቀድመን እንይ። ልጃችንን ሰው ቤት ስናስቀምጥ የምንሻው ይህንኑ አይደለምን?

ተከራይ ኪራይ ቢያዘገይ ውኃውን መቁረጥ፣ በሩን በሰንሰለት ማሰር፣ ዕቃውን ወደ ውጭ መወርወር አይገባም፤ በሕግም ያስጠይቃል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ካልሆነ ፍርድ ቤት ይኬዳል። ጣሪያው አፈሰሰ ብሎ ሲነግረንም «መጣሁ» ብለን አንድ ክረምት አናስጠብቀው። በሰኔ በአንድ ምስማር የሚደፈን ቀዳዳ ለመስከረም ግድግዳ ይጥላል።

እኛ በገጠር ስለምንኖር ኪራዩን የሚሰበስብልን ከተማ ያለ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ዘመድ ነው ብለን ሒሳቡን አንተወው። ሁለት ደብተር ይኑር፤ አንዱ እርሱ ጋ፣ አንዱ እኛ ጋ። ቀኑ፣ የተከራዩ ስም፣ የተቀበለው ብር፣ ለጥገና ያወጣው ብር ይጻፍበት። በገበያ ቀን ስንገናኝ ሁለቱን እናመሳክር። ለድካሙም በቁርጥ እንክፈለው፤ ያኔ እርሱም አያፍርም፣ እኛም አናማውም። በዓመቱ መጨረሻ የኪራይ ገቢ ግብር ሲከፈል ይኸው ደብተር ያስፈልጋል፤ የግብሩንም ደረሰኝ ከደብተሩ ጋር አብረን እናስቀምጥ።

ካርታውንና ውሉን ፎቶ ኮፒ አስነሥተን አንዱን ለትልቁ ልጅ እንስጥ። ዋናውን በላስቲክ ጠቅልለን በቆርቆሮ ሣጥን እናኑረው፤ ሣጥኑም ምስጥ እንዳያገኘው መሬት ላይ ሳይሆን ቆጥ ላይ ይውጣ። ይህን ያህል ካልን ይበቃል። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ቤት ለመግዛት አሳብ ያለውም ሰው የቤቱን ዋጋ ይንገረንና ሒሳቡን እዚሁ አብረን እንሥራው።